«የሽብር ጉዳይ ነው» ሲባል ሰዓቱ ይቆማል?

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ ይሠራል። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ሲመለስ ሲቪል የለበሱ ሰዎች ያዙት። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ያለበትን ጣቢያ ፈልገን አግኝተናል። ስንቅ እናቀብላለን፤ እሱን ግን አላየነውም። ፍርድ ቤትም አልቀረበም። አንድ ኃላፊ «ጉዳዩ የሽብር ነው፤ የ48 ሰዓት ነገር እዚህ አይሠራም» አሉን። እውነት ነው? ደግሞ ልጁ ቢያሳዝነኝም አንድ ነገር ልጠይቅ። መንግሥትስ ቦምብ እስኪፈነዳ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? የአገር ደህንነትና የሰው መብት የሚታረቁት የት ላይ ነው?

ምላሽ፦ ፈጣሪ ያስፈታላችሁ። መጀመሪያ ቀጥታ መልሱን ልስጥዎት። ኃላፊው የነገሩዎት ትክክል አይደለም። የሽብር ጥርጣሬ የ48 ሰዓቱን ሕግ አያነሳውም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከሂሳቡ የሚወጣው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው ምክንያታዊ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ የሚጠቅመው ከሩቅ ወረዳ ተይዞ ለሚመጣ ሰው ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከጣቢያ እስከ ፍርድ ቤት ያለውን መንገድ እርስዎም እኔም እናውቀዋለን። ትራፊኩ የፈለገውን ያህል ቢጨናነቅ ዘጠኝ ቀን አይፈጅም።

አንቀጹ የወንጀል ዓይነት አይመርጥም። ስልክ ሰረቀ የተባለም፣ ቦምብ አጠመደ የተባለም ያው 48 ሰዓት ነው ያለው። እንዲያውም ብዙ የተወቀሰው የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 እንኳ ይህን ሰዓት አልነካም። ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንዲይዝ ፈቅዷል፤ ሆኖም በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ያቅርብ ብሏል። በ2012 እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1176ም ቢሆን ከሕገ መንግሥቱ በላይ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ኃላፊው ይህን ከየት አመጡት? ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለውባቸው ይመስለኛል። አንደኛው የጊዜ ቀጠሮ ነው። ሁለተኛው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ሁለቱም ሰውን ለረጅም ጊዜ ያስቀምጣሉ። ሁለቱም ግን አሁን በእጅዎ ካለው ጉዳይ ይለያሉ።

ከጊዜ ቀጠሮ ልጀምር፤ በደንብ የማውቀው እሱን ነው። ጠበቃ ከመሆኔ በፊት ለስምንት ዓመት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። ስለዚህ ችሎቱን ከሁለቱም ወገን ወንበር አይቼዋለሁ።

ተጠርጣሪው ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላ ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም፤ ቀን ይሰጠኝ» ማለት ይችላል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም። ሁለት ቀንም ሊሰጥ ይችላል፤ ጭራሽ ላይሰጥም ይችላል። አዋጅ 652 ግን ለሽብር ጉዳይ ይህን ገለበጠው። አንድ ቀጠሮ ቢያንስ 28 ቀን ሆነ፤ ጠቅላላው ደግሞ እስከ አራት ወር። «ቢያንስ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉልኝ። ዳኛው መዝገቡን አይቶ «ለዚህ ሥራ አሥር ቀን ይበቃሃል» ማለት አልቻለም። ሕጉ እጁን አሰረው።

አዋጅ 652 በሥራ ላይ ሳለ በችሎት ይሆን የነበረውን ልንገርዎት። መርማሪው ፋይሉን ይዞ ይቆማል። «ግብረ አበሮች አልተያዙም፤ የምስክሮችን ቃል አልተቀበልንም፤ የቴክኒክ ማስረጃ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አልመጣልንም» ይላል። ቀጠሮው ይሰጠዋል። ከ28 ቀን በኋላ ተመልሶ ይቆማል። ያው ሦስት ዓረፍተ ነገር። አንዳንዴ ኮማው ሳይቀየር! እኔም በጊዜው ይህን ሰምቼ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ተከላካይ ሆኜ ስቆም የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይቺ ናት፦ «ባለፈው በተሰጠዎት ቀን ምን ሠሩ?» አንዳንድ ዳኞች ይህን ራሳቸው ይጠይቃሉ። መርማሪው መልስ ካጣ ቀኑ ያጥራል፤ ወይም ዋስትና ይፈቀዳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። መንግሥት ቦምብ እስኪፈነዳ ይጠብቅ ወይ? አይጠብቅ። በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሽብር ለእኛ ከቴሌቪዥን የምናውቀው ነገር አይደለም። በሰኔ 1987 በግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ላይ የግድያ ሙከራ የተደረገው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከአየር ማረፊያ በሚመጣው መንገድ ላይ ነው። በሚያዝያ 1999 በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ በተፈጸመው ጥቃት ዘጠኝ ቻይናውያንን ጨምሮ ከ70 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ የተወረወረውን ቦምብ ደግሞ ብዙዎቻችን በዓይናችን አይተናል። አገራት ሽብርን በሕግ እንዲከላከሉ የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤትም ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ በውሳኔ ቁጥር 1373 አስገድዷል። ስለዚህ ዝግጅትንና ሴራን ከመፈንዳቱ በፊት የሚቀጣ ሕግ ያስፈልጋል። የሽብር ሕግ መኖሩን የሚቃወም ጠበቃ እምብዛም አላጋጠመኝም።

ጠቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። «ሽብር» የሚለው ቃል እስከ የት ይለጠጣል? ለስንት ቀንስ ያለ ጠያቂ ያሳስራል?

የአዋጅ 652ን አንቀጽ 6 ይውሰዱ። አንድ ጽሑፍ ወይም ንግግር ከሰሚው ሕዝብ ገሚሱ እንኳ ሽብርን በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ እንደሚያበረታታ አድርጎ ሊረዳው የሚችል ከሆነ፣ ያሳተመው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ይታሰራል ይላል። ጸሐፊው ምን አሰበ አይልም። በተዘዋዋሪ፣ ያውም ገሚሱ ሰው በተረዳው። እንዲህ ባለ መረብ ዓሣም ቅጠልም ይያዛል።

ተያዘም። በሚያዝያ 2006 የዞን 9 ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በኋላም በሽብር ተከሰሱ። በክሱ ውስጥ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ ስለ ኢንተርኔት ደህንነት መሠልጠናቸው ነበር። መልእክትን በምስጢር መቆለፍ፣ የይለፍ ቃልን መጠበቅ፣ እንዲህ ዓይነቱ ሥልጠና። ዛሬ ማንኛውም ባንክ ሠራተኞቹን የሚያስተምረው ነገር ነው። የተወሰኑት በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተነስቶ ወጡ። የቀሩትን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። ነፃ ለመባል አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ታስረዋል። ፍርዱ ደረሰ፤ ዕድሜው ግን አይመለስም።

ሌላም ነገር ላንሳ። በአዋጁ መሠረት ድርጅትን «ሽብርተኛ» ብሎ የሚሰይመው ፍርድ ቤት አይደለም፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በ2003 ኦነግ፣ ኦብነግና ግንቦት 7 ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር በአንድ ዝርዝር ተሰየሙ። በሰኔ 2010 ሦስቱ ተሰረዙ፤ መሪዎቻቸውም አዲስ አበባ ገብተው አቀባበል ተደረገላቸው። በሚያዝያ 2013 ደግሞ ሕወሓት ተሰየመ። ይህ ድርጅት አዋጅ 652 ሲጸድቅ የገዢው ግንባር ዋና አካል ነበር። የተሰየመው 652ን በተካው አዋጅ 1176 ነው፤ አሠራሩ ግን ያኔ እነሱ ሲያጸድቁት የነበረው ነው። በመጋቢት 2015 እሱም ተሰረዘ። ይህን የማነሳው ማንንም ለማሳጣት አይደለም። የሰው ሕይወት ግን በዝርዝሩ መሐል ያልፋል። ዛሬ ከአንዱ ድርጅት ሰው ጋር ሻይ ጠጣህ ተብሎ የታሰረ ወጣት፣ በሚቀጥለው ምክር ቤት ውሳኔ ሻይው ሻይ ብቻ ይሆናል።

የ2012ቱ አዋጅ አንዳንዱን አስተካክሏል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። «ማበረታታት» የሚለው ልል ቃል ወጥቶ «ማነሳሳት» ገባ። ሰላማዊ ሰልፍ፣ የሥራ ማቆም አድማ፣ በሕግ የተፈቀደ መብትን መጠቀም የሕዝብ አገልግሎትን ቢያስተጓጉልም ሽብር አይደለም ብሎ በግልጽ ጻፈ። ድሮ መንገድ የዘጋ ሰልፈኛ በአንቀጹ ንባብ ብቻ ሽብርተኛ ሊሆን ይችል ነበር። ስያሜው ግን አሁንም በምክር ቤቱ እጅ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ዳኛ ቢያየው ይሻላል።

አሁን ደግሞ ስለ ሰዓቱ። ሚዛኑ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በአገራችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይባላል። ሰውዬው በቅሎውን በዳኛ ውሳኔ ቢያጣ ይሻለዋል፤ የሚቆጨው ያለ ዳኛ የተወሰደችበት እፍኝ ጭብጦ ነው። የመታሰርም ነገር እንደዚሁ ነው። እናት ልጇ 28 ቀን ዳኛ አይቶት ቢታሰር ታለቅሳለች፣ ግን ትረዳለች። ዘጠኝ ቀን ማንም ሳያየው ሲታሰር የምታጣው እንቅልፏን ነው።

የእንግሊዝን ነገር ይመልከቱ። በሐምሌ 2005 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በባቡርና በአውቶቡስ በደረሰ ፍንዳታ 52 ሰዎች ሞቱ። በጥቂት ወራት ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር የሽብር ተጠርጣሪን ያለ ክስ እስከ 90 ቀን ማቆየት እንፈልጋለን አሉ። የፓርላማ አባላቱ ከሐዘኑ ገና ሳይወጡ 90ውን ጣሉት፤ 28 ቀን ሰጡ። በ2008 እ.ኤ.አ. 42 ቀን ተጠየቀ፤ የጌቶች ምክር ቤት አላሳለፈውም። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጣሪያው 14 ቀን ነው። ያውም ከመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት በኋላ ያለውን ጊዜ ዳኛ ካልፈቀደው አይሆንም። «እንግሊዝ ሀብታም ናት፤ መርማሪዋ ብዙ ነው» የሚል ይኖራል። ይሁን። እዚያ የተጨቃጨቁት ግን በቀን ቁጥር ነው። እኛ ጋ ክርክሩ ብዙ ጊዜ «አገር ወይስ መብት» በሚል ትልቅ ቃል ይጀመራል፤ ቀኖቹን ግን የሚቆጥር የለም።

የዳኛው ሰዓት በስልክ ጠለፋም ላይ አለ። በ2008 በወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ጠለፋ የሚደረገው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው። አስቸኳይ ሲሆን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ (ዛሬ የፍትሕ ሚኒስትሩ) ያለ ትዕዛዝ ሊፈቅድ ይችላል፤ ግን ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ አለበት። በወረቀት ላይ መጥፎ አይደለም።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ኃላፊው በልባቸው ይህን አስበው ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ላብራራው። በ2009፣ በ2010፣ በ2013 በትግራይ፣ በ2014፣ በ2015 ደግሞ በአማራ ክልል ምክንያት አይተነዋል። የወረርሽኙን ሳልቆጥር። ሥርዓቱ በአንቀጽ 93 ተጽፏል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ይደነግጋል። ፓርላማው ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ዕረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል፤ የሚጸድቀው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ዕድሜው እስከ ስድስት ወር ነው፤ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል። አዋጅ በሌለበት ቦታና ጊዜ «እንደ አዋጁ» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ኃላፊውን በትህትና «የትኛው አዋጅ? ቁጥሩ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቁጥር የሌለው አዋጅ አዋጅ አይደለም።

አዋጅ ቢኖርስ 48 ሰዓቱ ይሞታል? እዚህ ላይ ሕግ አዋቂዎች ራሳቸው አይስማሙም፤ እኔ የቆምኩበትን ልንገርዎት። አንቀጽ 93 የሚኒስትሮች ምክር ቤት «የፖለቲካና የዴሞክራሲ መብቶችን» በሚያስፈልገው መጠን ማገድ ይችላል ይላል። የሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት ደግሞ መብቶችን በሁለት ክፍል አስቀምጧል። ከአንቀጽ 14 እስከ 28 ያሉት «ሰብዓዊ መብቶች»፣ ከ29 እስከ 44 ያሉት «ዴሞክራሲያዊ መብቶች» ናቸው። ሐሳብን መግለጽ፣ ሰልፍ፣ ማኅበር ከሁለተኛው ወገን ናቸው። የተያዘ ሰው መብት፣ አንቀጽ 19፣ ያለው ግን ከመጀመሪያው ክፍል ነው። ታዲያ በየት በኩል ይታገዳል? የሚቃወሙኝ ወዲያው ሌላውን ንዑስ አንቀጽ ያነሱብኛል። እዚያ በፍጹም የማይነኩት አራት ብቻ ተብለው ተዘርዝረዋል፦ አንቀጽ 1፣ 18፣ 25፣ እና የ39 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ንዑሳን። እነዚህ ከተለዩ ሌላው ይነካል ማለት ነው ይላሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ግን ዝርዝሩን ራሱን ይዩት። አንቀጽ 1 የአገሪቱ ስያሜ ነው። በሕይወት የመኖር መብት፣ አንቀጽ 15፣ በዝርዝሩ የለም። በእነሱ አነባበብ የአገሪቱ ስም አይታገድም፤ የሰው ሕይወት ግን ይታገዳል። አርቃቂዎቹ ይህን አስበዋል ብሎ ማመን ይከብደኛል። ከደርግ ዘመን የወጣ ትውልድ የጻፈው ሕግ ነውና።

ሌላም መከራከሪያ አለ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አባል ናት። ቻርተሩ በአስቸኳይ ጊዜ መብት ማገድን የሚፈቅድ አንቀጽ የለውም። የአፍሪካ ኮሚሽንም በ1995 እ.ኤ.አ. በቻድ ጉዳይ የእርስ በርስ ጦርነት እንኳ ሰበብ አይሆንም ብሏል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 ደግሞ ምዕራፍ ሦስት ከዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር ተጣጥሞ ይተርጎም ይላል። ችግሩ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት መሆኑ ነው። ብዙ ዳኞች ይህን ክርክር ሲሰሙ «ሥልጣኑ የእኔ አይደለም» ብለው እጃቸውን ይሰበስባሉ።

በዚያው አንቀጽ 93 ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ነገር አለች። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል። ከሥራው አንዱ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ ነው። ቁጥር አይደለም፤ ስም። በ2009 ከ20,000 በላይ ሰዎች እንደታሰሩ ሲነገር ሰምተናል። ልጇን የምትፈልግ እናት ግን 20,000 ምን ያደርግላታል? አንዲት ስም ናት የምትፈልገው።

የሚቀረው ነገ ጠዋት የሚሠሩት ነው።

ልጁ ፍርድ ቤት ስላልቀረበ የሚያቀርቡት «አካልን ነፃ የማውጣት» አቤቱታ ነው። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ይገኛል። አቤቱታው በቃለ መሐላ ይደገፋል። የታሰረው ሰው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው በእሱ ስም ያቀርባል፤ ግን እሱ ያልቻለበትን ምክንያት ይጻፉ። «እንድናየው አልተፈቀደም» ይበቃል። ማን እንደያዘው፣ የት እንዳለ፣ ሲያዝ ማን እንዳየ በቃለ መሐላው ይግባ። ፍርድ ቤቱ የያዘውን አካል ልጁን ይዞ እንዲቀርብና ለምን እንደያዘው እንዲያስረዳ ያዛል። አንዳንዴ መጥሪያው ጣቢያ በደረሰ ማግስት ልጁ በሌላ በር የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ይቀርባል። ይህ ከሆነ አይናደዱ። ዳኛ አይቶታል ማለት ነው፤ ትግሉ ወደዚያ ይዛወራል።

አንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ወዳጅ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። «ምርመራ ላይ ነው» የሚል ሰበብ በአንቀጹ የለም። ከከለከሉዎት የከለከለውን ሰው ማዕረግና ቀኑን ይጻፉ፤ በአቤቱታው ላይ ይጨምሩት። ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አመልክቱ። በ1224/2012 የተሻሻለው ማቋቋሚያ አዋጁ ቀድሞ ሳያሳውቅ ማረሚያ ቤትና ማቆያ ቦታ ሄዶ እንዲያይ ሥልጣን ሰጥቶታል። ውሳኔው ማንንም አይፈታም፤ ግን ጣቢያው ልጁ በስሙ እንደሚታወቅ ይረዳል።

ልጁን ካገኙት አንድ ነገር ብቻ ይንገሩት። ዝም የማለት መብት አለው፤ ያላነበበውን ወረቀት አይፈርም። ስለ ክሱ በጣቢያ በር ላይ ከእሱ ጋር አይማከሩ፤ ያ የጠበቃው ሥራ ነው። ፌስቡክ ላይ መጻፍ ከፈለጉ መታሰሩንና የቀኑን ብዛት ይጻፉ። የመርማሪውን ስምና ፎቶ ግን አይለጥፉ፤ በሌላ ሕግ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ከሁሉ በፊት አሁኑኑ ወረቀት ያውጡና ማክሰኞ ማታ ስንት ሰዓት ላይ እንደተያዘ ይጻፉ። ያየው ጎረቤት ወይም ባለሱቅ ካለ ስሙን ከጎኑ ያስፍሩ። ሰው ሳምንት ሲያልፈው ሰዓቱን ይረሳል፤ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።